«ለልጆቼ ብዬ ነው»

ሰው በሚወደው ሥራ ላይ ሲደክም ማየት ደስ ያሰኛል። ሸማኔው ጥለቱን ሲጨርስ፣ አንጥረኛው ከእሳት ያወጣውን ማረሻ ሲያቀና፣ መካኒኩ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የኖረን ሞተር አስነሥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ብናይ፣ «ይህ ሰው ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈም» እንላለን። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል፤ ይኸውም ያ ያለፈው ጊዜ የማን ነበር? የሠራተኛው ብቻ ነበርን፣ ወይስ ቤት ውስጥ ሲጠብቁት የነበሩትም ድርሻ ነበራቸው? ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ ይህን ጥያቄ በደፈናው ከምናነሣው በሚታይና በሚዳሰስ ነገር ላይ ብንመለከተው ይሻላል ብለን አሮጌ መኪናን መርጠናል።

በአሜሪካ «መስል ካር» የሚባሉ መኪኖች አሉ፤ ጡንቸኛ መኪና እንደ ማለት ነው። ለምሳሌ የ1964 እ.ኤ.አ. ሞዴል የሆነው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያ አገር እነዚህን የወጣትነት ዘመናቸውን መኪኖች በየቤታቸው እየፈቱ ሲገጥሙ ዓመታት የሚያሳልፉ አባወራዎች አሉ። በእኛ አገር ይህን ፍቅር የወሰደችው ግን ትንሿ ቮልስ ናት። የባለ 1200ዋ ሞተር ጉልበት 34 ፈረስ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን በባሕር ወለል ላይ ነው፤ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እንግዲህ በጉና ተራራ ግርጌ በ25 ፈረስ የምትወጣን መኪና ጡንቸኛ ማለት ይከብዳል። ቮልስን የሚወድ ሰው ግን የሚወዳት ለጉልበቷ አይደለም።

ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተው የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጥታለች። በታሪካችንም ውስጥ ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ሁሉ ያስታውሳሉ። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አትጠይቅም። ከካምቢዮው ጋር የተያያዘውም በአራት ቡሎን ስለሆነ ሁለት ሰዎች ሊያወርዱት ይችላሉ። ብዙውን ሰው የሚያታልለውም ይኸው ቀላልነቷ ነው። «በሁለት ቅዳሜ እጨርሳታለሁ» ብሎ ይጀምራል። ሞተሩ ሲወርድ ቴስታታው ተሰንጥቆ ይገኛል፤ የኋላው ወንበር ሲነሣ ባትሪው የተቀመጠበት ላሜራ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል። የእኛ አገር ክረምት ተጨምሮበት ዝገቱ አይጣል ነው! ባትላሜራው ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ በስቱኮ ይደፍናል፤ ካርቡራተሩ ለደጋው አየር እንደገና ይስተካከላል፤ የጠፋው ዕቃ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ሁለቱ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ይሆናል፤ ቅዳሜው አልበቃ ሲል እሑድ ይጨመርበታል።

ነገሩን ቅንጦት ነው ብሎ ለማለፍ መቸኮል አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በወር ደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ በግቢው የቆመችውን ማዳን መኪና ሊኖረው የሚችልበት ብቸኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ የተበላሸውን ጠግኖ መያዝ ራሱ በጎ ጠባይ ነው፤ እናቶቻችን የተሰነጠቀ ቅል ሰፍተው ይጠቀሙ የለምን?

በዚህ ጉዳይ ከጉባኤ በኋላ ስንወያይ ሐሳባችን በሁለት ተከፈለ። ገሚሶቻችን ልብን ብረት ላይ ማኖር ጣዖት ማቆም ነው አልን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ የለም፣ ትጋት ነው፣ አባወራው ጠጅ ቤት ከሚያመሽ ይሻላል አልን። ሁለቱም መልሶች ቀላል ይመስሉናል። ዕቃን መውደድ ሁሉ ጣዖት ከሆነ የሚያምር ነገር የሠራ እጅ ሁሉ ሊኰነን ነው። ከጠጅ ቤት የሚሻል ነገር ሁሉ መልካም ነው ካልንም ሚዛናችን በጣም ወርዷል።

ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ነው፤ ስሙን እንድንተወው ጠይቆናል። አባቱ ቮልሷን ገዝተው ግቢ ካስገቧት ጀምሮ ሞተሯ እስኪነሣ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ታናሽ እኅቱ በስድስት ዓመቷ የቁልፎቹን ቁጥር አውቃ ነበርና አባት ከመኪናው ሥር ሆነው እጃቸውን ሲዘረጉ ቁልፍ 13 ይሁን 17 ሳይነግሯት ታቀብላቸው ነበር። እስከ ዛሬም ከአባቷ ጋር የሚያጫውታት ይኸው ነው። ወንድሟ ግን፣ «ልጅነቴን ሳስብ አባቴ የሚታዩኝ ሁለት እግሮች ሆነው ነው፤ ሌላው መኪናው ሥር ነበር» አለን። አንድ ግቢ፣ አንድ አባት፣ ሁለት ልጆች፤ ፍርዱ ግን ለየቅል ነው።

የእናታቸው ነገር ደግሞ አለ። የእቁቡ ዕጣ ሲወጣ እናት የሚያፈሰውን የቤት ቆርቆሮ ለመለወጥ አስበው ነበር፤ ገንዘቡ ለካምቢዮ ሄደ። አባት ያን ጊዜ «ለልጆቼ ብዬ ነው» አሉ። ክረምቱ ገባ፤ ባልዲው ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲመላለስ ከረመ።

እኛን ያሳሰበን አባትየው አለመዋሸታቸው ነው። ዋሽተው ቢሆን ፍርዱ ቀላል በሆነ ነበር። በእውነት ለልጆቻቸው የሚደክሙ ይመስላቸው ነበር፤ ከቤተሰቡም ሁሉ ይልቅ የደከሙት እርሳቸው ናቸው። ደግሞም ብረት አያኮርፍም። ሞተር አልነሣ ቢል ችግሩ ከካንዴላው ካልሆነ ከካርቡራተሩ ነው፤ ሲፈለግ ይገኛል። ያኮረፈ ልጅ ግን በቁልፍ 13 አይፈታም። ቀኑን ሙሉ በሥራው ሲታዘዝ የዋለ ሰው ማታ የሚታዘዝለትን ነገር ቢወድ አያስደንቅም።

ይህን ስናወጣና ስናወርድ ከከተማችን ብዙም የማትርቀው ጋፋት ትዝ አለችን። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት በዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ እስኪደርሱ ስድስት ወር ያህል ፈጀ፤ ገደሉ እየተቆረጠ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ሰዉ መድፉን በገመድ እየጎተተ ነበር የተጓዙት። ንጉሡ ራሳቸው በመንገድ ሥራው ላይ ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያን ጊዜ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። «ለአገሬ ብዬ ነው» ቢሉ ማንም ሐሰት ነው አይላቸውም። ነገር ግን ገመዱን የያዘውን ሰው «ትጎትታለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሚያዝያ ሲደርስ መድፉ ንጉሡን አላዳነም፤ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

ንጉሥን ከአንድ የቢሮ ሠራተኛ፣ መድፍን ከቮልስ ጋር ማወዳደር ድፍረት እንደሚመስል እናውቃለን፤ በደብረ ታቦር ተቀምጦ ዐፄ ቴዎድሮስን የሚያቃልል ልጅም የለም። ነገር ግን ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሰው ራሱ አብዝቶ ሲደክም የራሱ ድካም ዓይኑን ይጋርደዋል፤ «እኔ ከማንም በላይ እየለፋሁ ማን ምን ይለኛል?» ይላል። ሰነፍ ሰው የሌላውን ጊዜ ቢወስድ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ትጉህን ግን ምን ይወቅሰው? ትጋቱ መልስ ሆኖ ይቀርባልና።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ የዚህ ነገር ሚዛኑ ዕቃው አይደለም የሚል ነው፤ የፍቅሩም ብዛት አይደለም። ሸክሙን አብረው የሚሸከሙት ሰዎች አስቀድመው ተጠይቀዋል ወይ? መጠየቅ ስንል ማሳወቅ ማለታችን አይደለም። «የእቁቡን ገንዘብ ለካምቢዮ አድርጌዋለሁ» ማለት ማሳወቅ ነው። መጠየቅ የሚባለው «አይሆንም» የሚል መልስ ሊሰጥበት የሚችል ሲሆን ነው። አባወራ ሚስቱንና ልጆቹን እንዲህ ቢጠይቅ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስለው ብዙ ነው። የሚገርመው ግን ያው ሰው እቁብተኞች ፊት ሲቆም ዕጣውን ቅድሚያ ለማግኘት ሁሉንም ይለምናል፤ ዕድሩ ውስጥም አንድ ድንኳን ለመግዛት ሦስት እሑድ ይከራከራል። ለድንኳን ይህን ያህል ደንብ ያለን ሰዎች ለቤታችን እሑዶች ምን ደንብ አለን?

አንዲት እኅት በውይይቱ ላይ፣ «እንዲህ ከሆነማ የሚወደድ ነገር ሁሉ በድምፅ ብልጫ ይወድቃላ!» አለች። ልክ ናት። ሁሉም ካልተስማማ በቀር አንዳች የማይጀመርበት ቤትም የሚያስቀና አይደለም፤ ምናልባት አባትየው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያቺ ሕፃን ቁልፍ የማቀበል ደስታዋን ባላገኘች ነበር። ለዚህ የተሟላ መልስ የለንም። ቢሆንም እናት ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ «ቆርቆሮው ይቅደም፣ ካምቢዮው በሚቀጥለው ዕጣ» ይሉ ነበር ብለን እንገምታለን፤ አንድ ዓመት መዘግየት ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ሥራ ውስጥ ምንም አይደለም።

ነገሩ የአባቶች ብቻ አድርገን እንዳናየው። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስ እኛ ሌሊቱን ስናጠና፣ በመዝሙር ልምምድም ስናመሽ፣ በዚያ ሰዓት በቤት ውስጥ ውሃውን የሚቀዳው፣ ራቱን የሚያቆየው ማን ነው? ጥናቱም አገልግሎቱም መልካም ነው፤ ቮልሷም መልካም ናት። የምታቆየውን እኅት ግን የጠየቃት አለ?

የጓደኛችን ቤት ወሬ ገና አላለቀም። የነዳጅ መኪና መግባት ከቆመ ወዲህ የቮልሷ ዋጋ ጨምሮ ባለፈው ዓመት ገዥ መጣባት። በዚህ ጊዜ አባት ቡና ተፈልቶ ሁሉም በተሰበሰበበት «ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ወንድ ልጃቸው «ትሸጥ» አለ፤ ሴቷ «አትሸጥም» አለች። እናት እንዲሸጥ ይፈርዳሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ «ቆርቆሮዬ እርሷ ውስጥ አይደለም ወይ ያለው? ምን ሲደረግ!» አሉ። አባት ድምፃቸውን እስካሁን አልሰጡም፤ ገዥውም አልፎ አልፎ እየደወለ ነው።