መለካትና ፍትሕ፦ ለወጣቶች በተግባር ስለሚሰጥ የመሬት ቅየሳ ትምህርት

የመሬት ቅየሳን፣ ማለትም የአንድን ይዞታ ርዝመት፣ ማዕዘን፣ ስፋትና ከፍታ ለክቶ በካርታና በመዝገብ የማስፈር ሙያን፣ ለወጣቶች በተግባር ማስተማር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከሥራ ፈጠራና ከመሣሪያ ልምምድ አንጻር ነው። ይህ ጥቅሙ የማይካድ ቢሆንም፣ ከሥሩ ግን ፈላስፎችም የሃይማኖት መምህራንም በየዘመናቸው የተከራከሩበት ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም በእጅ የሚለመድ ሥራ ሰውን አዋቂ ከማድረግ አልፎ ፍትሐዊ ሊያደርገው ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ፕላቶ «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ፣ ሶቅራጥስ ጂኦሜትሪ ተምሮ ለማያውቅ አንድ ባሪያ ልጅ ካሬ ሥሎ በማሳየት፣ በስፋት የዚያ እጥፍ የሆነ ሌላ ካሬ እንዲፈልግለት ሲጠይቀው ያሳያል። ልጁ በመጀመሪያ ባለ 2 ጫማውን ጎን ወደ 4 ጫማ ያሳድገዋል፤ ስፋቱ ግን ከ4 ወደ 16 ካሬ ጫማ ይዘልበታል። ቀጥሎ 3 ጫማ ሲል 9 ይወጣና አሁንም ይስታል፤ በመጨረሻም በጥያቄ እየተመራ፣ መልሱ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሚወርደው ሰያፍ መስመር ላይ እንዳለ ይደርስበታል። ፕላቶ ከዚህ ተነሥቶ ዕውቀት ነፍስ አስቀድማ የምታውቀውን ማስታወስ ነው ወደሚል ድምዳሜ ያመራል። ድምዳሜውን ለማይቀበል አንባቢም ቢሆን ከታሪኩ የሚተርፍ ነገር አለ፤ ልጁ መሳቱን ያወቀው በመምህሩ ተግሣጽ ሳይሆን መስመሩ ከዓይኑ ፊት ተሠምሮ አልገጥም ስላለው ነው።

አርስቶትል በበኩሉ በ«ኒኮማኮስ ሥነ ምግባር» አናጺውና የጂኦሜትሪ ሊቁ ሁለቱም ቀጤ ማዕዘንን ቢፈልጉም፣ አናጺው ለሥራው እስከሚበቃው ድረስ፣ ሊቁ ግን ምንነቱን ለማወቅ እንደሚፈልጉት ያስረዳል፤ በዚያው ድርሰቱ ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት እንደሆነ ሁሉ፣ ፍትሐዊ የሚሆነውም የፍትሕን ሥራ በመሥራት እንደሆነ ይናገራል። ቀያሽ በአናጺውና በጂኦሜትሪ ሊቁ መካከል የቆመ ባለሙያ ነው፤ የማዕዘንን ምንነት ሳይረዳ መሣሪያውን ማመን አይችልም፤ ጥንቃቄው እስከ ምን ድረስ እንደሚበቃ ሳይወስንም ሥራውን መጨረስ አይችልም።

ልምምዱ ከቶታል ስቴሽን፣ ማለትም ማዕዘንንና ርቀትን በአንድነት ከሚያነብበው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይልቅ፣ በገመድና በችካል ቢጀመር ይመረጣል፤ መሣሪያው ቁጥሩን ያለ ድካም ስለሚሰጥ ጀማሪው ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ሊያልፈው ይችላልና። በ12 እኩል ክፍሎች የተቋጠረ ገመድ ለሦስት ወጣቶች ተሰጥቶ፣ 3፣ 4 እና 5 ክፍል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን እንዲሆን ሲወጠር፣ በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት በሁለቱ አጫጭር ጎኖች መካከል 90 ዲግሪ ይወጣል። በዚህ ዘዴ እየዞሩ አንድ ባለ አራት ማዕዘን መሬት በችካል ሲከልሉ ግን የመጨረሻው ጎን በመነሻው ችካል ላይ በትክክል የሚያርፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሁለት ጣት ወይም አንድ ስንዝር ያህል ይጎድላል ወይም ያልፋል። ገመዱ ረግቦ፣ ችካሉ ዘምሞ፣ ወይም መሬቱ ተዳፋት ሆኖ ሳለ ገመዱ አግድም ሳይያዝ ቀርቶ ይሆናል። ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደዚያው በሚመለስ ልኬት መነሻውና መድረሻው የሚለያዩበት ይህ መጠን የመዝጊያ ስህተት ይባላል።

ቀያሾች ስህተትን በሦስት ይከፍሉታል። ግድፈት 8ን 3 ብሎ እንደማንበብ ያለ የሰው ጥፋት ነው። ስልታዊ ስህተት በታወቀ ምክንያት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያደላ ሲሆን፣ ለምሳሌ 30 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ሜትር ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምርበት በ3.5 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚረዝም በስሌት ይታረማል። ድንገተኛ ስህተት ግን አንዴ በመጨመር አንዴ በመቀነስ የሚዋልል፣ ማንም ቢጠነቀቅ ፈጽሞ የማያጠፋው ቅሪት ነው። ለሥነ ምግባር ጥያቄ ክብደት ያለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ቅን ሠራተኛም ቢሆን ከእርሱ ስለማያመልጥ፣ የቅንነቱ መለኪያ የቅሪቱን መጠን በግልጽ ማስመዝገቡ ይሆናልና። በመስክ ደብተር ላይ የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ የማይጠፋውም ለዚህ ነው፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የቀድሞው እየተነበበ፣ ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል።

ይህን ደንብ መጣስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የፈረንሳዊው ሜሼን ታሪክ ያስረዳል። የሥነ ፈለክ ሊቆቹ ደላምብርና ሜሼን እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ የሜትርን ርዝመት ከምድር መጠን ለማውጣት ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ቅስት ሲለኩ፣ ሜሼን በባርሴሎና በሁለት ቦታዎች ያገኛቸው የኬክሮስ ንባቦች በ3 የቅስት ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በምድር ላይ ወደ 90 ሜትር በሚጠጋ ርቀት፣ አልተስማሙለትም። ልዩነቱን ደብቆ ለዓመታት ሲብሰለሰል ኖሮ፣ ልኬቱን ሊያስፋፋ ወደ ስፔን በተመለሰበት ጊዜ በ1804 ሞተ፤ ምስጢሩን ያገኘው ደላምብር ወረቀቶቹን ሲመረምር ነው። ሜሼን ሰነፍ አልነበረም፤ ይልቁንም እጅግ ጥንቁቅ ነበር፤ ችግሩ ስህተትን ከኃጢአት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠሩ ይመስላል። እርሱ በሞተ በማግሥቱ ዓመት የሒሳብ ሊቁ ለዣንድር ባሳተመው የታናናሽ ካሬዎች ዘዴ፣ ማለትም እርስ በርስ የማይስማሙ ንባቦችን በስሌት የማስታረቅ ዘዴ፣ እንዲህ ያለው ልዩነት የማያሳፍር ተራ ጉዳይ ሆነ።

ሃይማኖቶች ጥያቄውን በሌላ በኩል ያነሡታል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 27 ከሚዘረዝራቸው ርግማኖች አንዱን የባልንጀራውን የድንበር ምልክት በሚያፈልስ ሰው ላይ ያደርጋል፤ በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስም የሰው መሬት ስንዝር ታህል እንኳ በግፍ የወሰደ ሰው ሰባት ምድሮች በአንገቱ እንደሚጠለቁበት ተነግሯል። ሁለቱም የሚያወግዙት ድንበር መግፋትን ነው፤ ድንበሩ የት እንደሆነ ግን አስቀድሞ እንደታወቀ ይቆጥሩታል። ቀያሹ የሚጠራው ደግሞ ይህ ባልታወቀበት ወይም በተካደበት ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ትክክለኛ ልኬትና ፍትሕ አንድ እንዳልሆኑ ከቀላድ በላይ የሚያሳይ የለም ማለት ይቻላል። ቀላድ ወደ 67 ሜትር የሚጠጋ የመለኪያ ገመድ ሲሆን፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በደቡብ በተካሄደው ልኬት መሬቱ በጋሻ፣ ማለትም ወደ 40 ሄክታር በሚገመት መስፈሪያ እየተቆጠረ፣ ለመንግሥት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደሮችና ለቤተ ክርስቲያን ሲደለደል ብዙ ነባር ገበሬ በአባቶቹ እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ገመዱ ያለ እንከን ቢወጠር እንኳ ለማን እንደሚወጠር የወሰነው ገመዱ አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የዘለቀው የገጠር መሬት የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ በአንጻሩ ካርታ አልነበረውም፤ የቆመው በቀላል መለኪያና በአዋሳኞች ምስክርነት ላይ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ በተስተካከለ የአየር ፎቶግራፍ ቢታገዝም ወሰኑ በፎቶው ላይ የሚሠመረው ባለይዞታውና ወሰንተኞቹ በተገኙበት ነው። በሁለት እርሻዎች መካከል ሳይታረስ የሚተወው ጠባብ የሣር ድንበር በየክረምቱ በማረሻ ጥቂት በጥቂት ሲሸራረፍ ሳተላይት አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ጎረቤት ነው፤ እርሱም ዘመድ፣ ባለ ዕዳ ወይም ፈሪ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ እጅ ፍትሕን ሊማር የሚችለው ከገመዱ ጋር ምስክሩንም መመዘን ሲለማመድ ብቻ ነው። የቴክኒክና ሙያ መምህራን ከተግባር ሰዓቱ ከፊሉን ወሰንተኞችን በማነጋገር፣ በተለይም አራሽ የሌላቸውን አረጋውያንና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች በማዳመጥ ላይ ሊያውሉት ይገባል። በፈተናም የመዝጊያ ስህተቱን እንዳገኘው ያስመዘገበው ተማሪ ይለፍ፤ ያለ አንዳች ልዩነት ዜሮ ያመጣው ግን ነጥቡ ከመሰጠቱ በፊት የመስክ ደብተሩን ያሳይ።