ዋጋውን የማያውቅ ተሳፋሪ



በዛሬው ጁሙዓ ትንሽ ስለምትመስል ጉዳይ እናውራ፤ ስለ ባጃጅ ሒሳብ።

አዳማ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የመጣ፣ ከአሰላና ከባሌ የወረደ፣ ከአዋሽና ከድሬዳዋ የተሻገረ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ በሞጆ የዞረ ሁሉ መናኸሪያዋ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለነዋሪው ቀላል ነው። የትኛው ባጃጅ በየት እንደሚሄድ፣ በሰው ስንት እንደሆነ ያውቃል። "ፍራንኮ" ብሎ ይገባል፣ ከፍሎ ይወርዳል። እንግዳው ግን "ሆስፒታል በየት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያችው ጥያቄ እንግዳነቱን ተናገረ። "ግቡ፣ አደርስዎታለሁ" ይባላል። በሃያ ብር የሚኬደው መንገድ ሁለት መቶ ሆነ እንበል። በሽተኛ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ አይከራከርም፤ ይከፍላል።

ሾፌሩን ብትጠይቁት መልስ አለው። "አላስገደድኩትም። ዋጋ ነገርኩት፣ እሺ ብሎ ገባ። ንግድ በስምምነት አይደል እንዴ?" ይላል። በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ቁርኣንም ንግድን በመፈቃቀድ ላይ አቁሞታል። መዲና ውስጥ ዕቃ ተወዶ ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው በጠየቁ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልተመኑ ተዘግቧል። ታዲያ በውድ መሸጥ በራሱ ሐራም ካልሆነ፣ የሾፌሩ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

ለእኔ መልሱ ያለው ስለ ሌሎች መንገደኞች በመጣ ክልከላ ውስጥ ነው። ዕቃ ጭነው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወጥቶ መቀበልን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል። ሐዲሡ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘንድ አለ። እስቲ አስተውሉት። ባለ ግመሉን ማንም አላስገደደውም፤ ዋጋ ተነግሮት እሺ ብሏል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የገበያውን ዋጋ አያውቅም። ሙስሊም በዘገቡት ደግሞ ገበያ ገብቶ ሲያውቅ ሽያጩን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ተሰጥቶታል። ማለትም ያ የመንገዱ "እሺ" ሙሉ እሺ ተብሎ አልተቆጠረለትም።

ባለ ግመሉ ሀብታም ነው ወይስ ድሃ ተብሎም አልተጠየቀም። ግመል ጭኖ የሚነግድ ሰው ብዙ ጊዜ የተቸገረ አይደለም። ስለዚህ "ዲያስፖራ ነው፣ ፈረንጅ ነው፣ ምን ይጎዳዋል" የምንላት ነገር ብዙ አታስኬድም።

ዋጋ መለያየቱ አይደለም ችግሩ። አብያታ ሻላ ፓርክ በር ላይ የውጭ ዜጋና ኢትዮጵያዊ እኩል አይከፍሉም፤ ግን በግልጽ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ኮንትራትም እንደዚያው ነው። ባጃጁን ለብቻው የያዘ ሰው የባዶዎቹን መቀመጫዎች ቢከፍል ፍትሕ ነው። ሾፌሩም የቤንዚን ሰልፍ አለበት፣ ማታ ለባለ ንብረቱ የሚያስገባው ገቢ አለበት። "እናቴ፣ በሰው ከሄዱ ይህን ያህል፣ ለብቻዎ ከሆነ ይህን ያህል ነው" ብሎ አስመርጦ የተቀበለው ብር የላቡ ዋጋ ነው። ያን ሳይናገር የተቀበለው ትርፍ ግን የሰውየው አለማወቅ ዋጋ ነው፤ አለማወቅ ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

ሾፌሩ ራሱ ልዩነቱን ያውቃል። ከኋላ ሌላ ተሳፋሪ ካለ ሁለት መቶውን ጮክ ብሎ አይጠራውም፤ ድምፁ ዝቅ ይላል። ኃጢአት ልብን የሚከነክን፣ ሰው እንዳያውቅብን የምንፈልገው ነገር መሆኑን በሐዲሥ ተምረናል።

እንግዳ ደግሞ አይረሳም። ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ከአንዳሉሷ ግራናዳ ተነስቶ ለሐጅ ወጣ። ዛሬ ዓለም አል-ሐምራን ሊያይ ወደሚጎርፍባት ከተማ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ግን መንገዱ የጠፋው እንግዳ እሱ ነበር። በቀይ ባሕር ዳር፣ ዐይዛብ በምትባል ወደብ፣ ባለ ጀልባዎቹ ሑጃጁን ከልክ በላይ አጭቀው በአንድ ጉዞ የጀልባቸውን ዋጋ ለማውጣት ሲጣደፉ አየና በመጽሐፉ ጻፈው። ዐይዛብ ከፈረሰች ዘመናት አልፈዋል። ያቺ ገጽ ግን ዛሬም ትነበባለች።

ከኋላ የተቀመጥነውስ? ዋጋውን እያወቅን መስኮት መስኮቱን የምናይ? "በሰው ሃያ ነው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። አገሩን ለማያውቅ ሰው መንገድ ማሳየት ሶደቃ እንደሆነ ተነግሮናል፤ ዋጋ ማሳየትም ከዚያው ነው ብዬ አምናለሁ። ሾፌሩ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።

አንድ ነገር ቀረ። ትርፉን የወሰደና አሁን የከበደው ሾፌር ካለ፣ ሐቁ የተሳፋሪው ነው፤ መመለስ አለበት። ሰውየው በቴሌብር ከፍሎ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። በጥሬ ብር ከፍሎ፣ ተፈልጎም ካልተገኘ፣ ብዙ ዑለማዎች በባለቤቱ ስም ሶደቃ ይደረግ ብለዋል። ባለቤቱ አንድ ቀን ከተገኘም ምርጫው የእሱ ነው፤ ሶደቃውን ይቀበላል ወይም ገንዘቡን ይጠይቃል።