መጀመሪያ ሙያውን ያዢ

ልጄ፣ ሜልበርን ውስጥ የማኅበረሰብ ሬድዮ ሥልጠና መጀመርሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ልብሽ ወደ ሴት እንደሚያዘነብልም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርሽኝ። ሰምቻለሁ። እኔ ዘንድ ልጅነትሽ አልተነካም። ከዚያ ወዲህ ግን ከሥልጠናው መቅረት አብዝተሻል። እሱ ነው ያሳሰበኝ። እስቲ ጥቂት ልምከርሽ።

የተሰጠሽ ቦታ በከንቱ የተገኘ አይደለም። እዚያው ከተማሽ ውስጥ ጆይ የሚባለው ጣቢያ ሥርጭት የጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1993፣ በዓለም የኤድስ ቀን ነበር። እንዳንቺ ያሉ የተገለሉ ሰዎች ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ብለው አቋቋሙት። ዛሬም በአብዛኛው የሚያስኬዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሲን በተባለውም ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው። እኛስ ብንሆን የአውስትራሊያው ኤስ ቢ ኤስ ሬድዮ በአማርኛ ሲያሰራጭ ስንሰማ ልባችን ሞቅ አይልም? ሰው ድምፁን ሲሰማ እንዲያ ነው።

እዚያው ሜልበርን ያለው ላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ በእ.ኤ.አ. 2010 ባወጣው ጥናት፣ ለተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የሚሰማቸውና መሰሎቻቸው የሆኑ 3,134 ወጣቶች ተጠይቀው ነበር። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 21 ነው። ከመቶው 61ዱ ተሰድበናል፣ 18ቱ ተመትተናል አሉ። ብዙው በደል የደረሰባቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ የተዋረደ ልጅ ዝም ማለትን ይለምዳል። ዝምታው ከተለመደ ደግሞ ስድቡ ካለፈ በኋላም አይለቅም።

ሥልጠናው የሚያላቅቅሽ ከዚህ ልማድ ነው። እዚያ ማንም "ጉድሽን አውጪ" አይልሽም። ከማይክሮፎኑ ምን ያህል መራቅ እንዳለብሽ ያሳዩሻል። ጥያቄ ማዘጋጀትን፣ እንግዳን ሳያቋርጡ ማዳመጥን፣ የተቀዳውን መቁረጥና መቀጠልን ያስተምሩሻል። የሥልጠና ጓደኛሽ ሚክሰሩን ይዞ የእጅሽን ምልክት ይጠብቃል። አብሮ የሠራ ሰው ሳያስበው ይቀራረባል። አንቺ ስትቀሪ ግን እሱ ብቻውን ይቀራል። በሰዓቱ መድረስን ልማድሽ አድርጊው። ከባድ ነገር አይደለም፤ ትችያለሽ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ሙያውን ያዢ፤ ታሪክሽን ለመናገር አትቸኩዪ። አባቶች ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ዛሬ በሬድዮ ያልሽው ነገ ፖድካስት ሆኖ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ያለችው አክስትሽም ልትሰማው ትችላለች። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ሕጉ የወንዶችን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ወንጀል ማለት ካቆመ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ዛሬም ያስቀጣል። ስምሽን ብትቀይሪም ድምፅሽን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን የምልሽ እንድታፍሪ አይደለም። ታሪኩ ያንቺ ስለሆነ፣ መቼና ለማን እንደሚነገር የምትወስኚው አንቺ ስለሆንሽ ነው። የጓደኛሽንም ምስጢር ካለ ፈቃዱ አየር ላይ አታውጪ።

ሳትናገሪም የምትሠሪው ሥራ ሞልቷል። ሙዚቃ የሚመርጥ፣ ድምፅ የሚያስተካክል፣ ዝግጅት የሚያሰናዳ ያስፈልጋል። እሱም ሬድዮ ነው።

ሐዘን ቢበረታብሽ ደግሞ ሁሉን በአሠልጣኝሽ ላይ አትጣዪ። እሱ የሬድዮ ሰው ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ኪውላይፍ የሚባል፣ ለተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የሚሰማቸውን ሰዎች በስልክ የሚያማክር አገልግሎት አለ። ደውዪላቸው። ለእኔም ደውዪልኝ።

በይ ልጄ፣ በዚህ ሳምንት እንዳትቀሪ። ቀደም ብለሽ ግቢ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አድርጊና ሥራሽን ጀምሪ።