የሣራ ዕድሜና የሣራ ሣቅ

በክርስቲያን ቤት እናት በሞት ስትለይ ልጆችዋ ሁለት ነገር ያደርጉላታል። አንደኛው ስለ ነፍስዋ ጸሎተ ፍትሐት ማስደረግና በ40 ቀን ተዝካርዋን ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሕይወትዋ መናገር ነው። የፊተኛው በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ተወስኖ ስለ ተቀመጠ ሰው እንደ ፈቃዱ አይለውጠውም። የኋለኛው ግን ለየሰው ልብ የተተወ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ከእውነት ይርቃል። በሕይወትዋ ሳለች ቆፍጣና የነበረች፥ ባልዋን የምትመክርና የምትሞግት፥ ልጆችዋን በፍቅርም በቁጣም ያሳደገች ሴት፥ ባረፈች ማግስት ከአፍዋ ክፉ ቃል ወጥቶ የማያውቅ፥ ማንንም አስቀይማ የማታውቅ ዝምተኛ ሆና ትነገራለች። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያረፈውን ሰው የምናከብረው ጠባዩን በመለወጥ ነውን? ወይስ እንደ ነበረ በማሰብ?

ለዚህ መልሱን ከኦሪት ዘፍጥረት እናገኛለን። በሙሴ አምስቱ መጻሕፍት ከተጠሩት ሴቶች ሁሉ መካከል እስከ ዕለተ ሞትዋ የኖረችው ዘመን በቍጥር የተጻፈላት ሣራ ብቻ ናት፤ ዕድሜዋም 127 ዓመት ነበረ። የሔዋን ዕድሜ በዚያ አልተጻፈም፤ የርብቃም የራሔልም አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ክብር የተሰጣት ሴት እንዴት እንደ ተነገረላት መመልከት ይገባናል።

ሣራ ከባልዋ በ10 ዓመት ታንሳለች። አብርሃም በ75 ዓመቱ ከካራን ሲወጣ እርስዋ የ65 ዓመት ሴት ነበረች፤ ከዚያም በኋላ 62 ዓመት በእንግድነት ኖረች። በግብፅ ፈርዖን፥ በጌራራ አቢሜሌክ ወደ ቤታቸው ወስደዋት ነበርና፥ የባልዋን ነፍስ ለማትረፍ ሁለት ጊዜ ራስዋን ለአደጋ ሰጥታለች። በ90 ዓመትዋም ይስሐቅን ወለደች። ይህ ሁሉ ምስጋናዋ ነው። መጽሐፍ ግን በዚህ ብቻ አላበቃም። በመምሬ ዛፍ ሥር የተስፋው ቃል በተነገረ ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና በልብዋ እንደ ሣቀች፥ በተጠየቀችም ጊዜ ፈርታ እንደ ካደች፥ መሣቅዋም ፊት ለፊት እንደ ተነገራት አንድም ሳይሸሽግ ጻፈ። ይልቁንም ልጅዋ ይስሐቅ ተባለ፤ ትርጓሜውም ሣቅ ነው። የተገሠጸችበት ነገር የበረከትዋ ስም ሆነ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ሚስቶችን ሲያስተምር፥ ሣራ አብርሃምን ጌታዬ ብላ እንደ ጠራችው በማስታወስ ያመሰግናታል። ይህ ቃል በኦሪት ዘፍጥረት ወዴት ተጽፏል ብለን ብንፈልግ የምናገኘው በዚያው በሣቅዋ ውስጥ ነው። እርጅናዋንና የጌታዋን እርጅና እያሰበች በሣቀችበት በአንዱ ዐረፍተ ነገር፥ መጠራጠርዋና ባልዋን ማክበርዋ ባንድነት ይገኛሉ። ሐዋርያው ሣቅዋን አልካደም፤ ከሣቅዋ መካከል ክብሩን ለይቶ አወጣ እንጂ። ወርቅ አንጥረኛም አፈሩ አልነበረም አይልም፤ ከአፈሩ ውስጥ ወርቁን ያወጣል።

ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ሴምና ያፌት ወደ ኋላቸው ሄደው የአባታቸውን የኖኅን ዕራቁትነት ስለ ሸፈኑ ተባርከዋል፤ ካም ግን በውጭ ስላወራ በልጁ በከነዓን ላይ ርግማን መጣ፤ እንግዲህ የወላጅን ነውር መሸፈን አይሻልምን ቢል፥ ነገሩ ታላቅ ነውና ሊመረመር ይገባዋል። ካም የተነቀፈው በአባቱ ውርደት ስለ ተጫወተ ነው። ሴምና ያፌትም የሸፈኑት የአንድ ቀን ውርደት ነው፤ አባታችን ወይን ጠጥቶ አያውቅም ብለው ግን አልመሰከሩም። ነቢዩ ሙሴም የኖኅን ጽድቅ የጻፈበት እጅ ስካሩንም ጽፎታል። ስለዚህ የወላጅን ገመና መሸፈን ልብስ ማልበስ ነው፤ በእርሱ ስም ሌላ ሰው ፈጥሮ መናገር ግን ሐሰት ነው።

ይህም ሐሰት የሚጎዳው ሰው አለ። ሣራ አጋርን እንዳስጨነቀቻትና አጋር ወደ ምድረ በዳ እንደ ሸሸች መጽሐፍ ይናገራል። በኋላም አጋር ከልጅዋ ጋር እንድትወጣ ሣራ በጠየቀች ጊዜ፥ እግዚአብሔር አብርሃምን ቃልዋን ስማ ብሎታል፤ ነገር ግን የብላቴናውን ድምፅ ደግሞ ሰምቶ ለአጋር የውኃ ጕድጓድ አሳያት። የሣራ መከበር የአጋርን ዕንባ አላስረሳም። በእኛም ቤት ተዝካር በሚወጣበት ቀን በጓዳ የምትላላ አገልጋይ አለች፤ ምራት አለች፤ የእንጀራ ልጅም አለ። ሟቿ ማንንም አስቀይማ አታውቅም ተብሎ በአደባባይ ሲነገር፥ እነዚህ ቍስላቸው በፊታቸው ይካዳል። የተካደ ቍስል ደግሞ ይቅር ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህም ሌላ፥ እንዲህ ያለው ውዳሴ ከጸሎታችን ጋር ይጣላል። በጸሎተ ፍትሐት የምንለምነው ምሕረትን ነው፤ ካህኑ ኀጢአትዋ ይሰረይላት ዘንድ ሲለምን፥ ተናጋሪው ኀጢአት የለባትም ካለ ልመናው ለማን ነው? እናትን ያለ ነውር አድርጎ የሚያመሰግናት ልጅ፥ ያከበራት ይመስለዋል እንጂ የሚያስፈልጋትን ጸሎት እየነሣት ነው።

አብርሃም ሣራ በኬብሮን ባረፈች ጊዜ አዘነላት፥ አለቀሰላትም። ድርብ ክፍል ያላትን ዋሻ ኤፍሮን በነጻ ሊሰጠው ቢፈቅድ፥ እርሱ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሙሉ ዋጋዋን ከፈለ። እንዲሁ መታሰቢያም ዋጋ አለው፤ ዋጋውም እውነት ነው። ይስሐቅም እናቱ ስታርፍ የ37 ዓመት ሰው ነበረ፤ ርብቃን ወደ እናቱ ድንኳን ያገባት በ40 ዓመቱ ስለ ሆነ፥ የተጽናናው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ስሙ በተጠራ ቍጥር የእናቱ ሣቅ ይታወስ ነበር፤ ግን በዚህ አላፈረም።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ቆፍጣና እናታችሁን ስታስቡ ቆፍጣናነትዋን አትውሰዱባት። የተቆጣችበት ልብ በረኀብ ቀን ቤቱን ያቆመ ልብ ነው። በጎነትዋን በደስታ ተናገሩ፤ ያስቀየመቻቸውን ይቅርታ ለምኑላት፤ የቀረውን ሁሉ ለሚያውቃት ለፈጣሪዋ ምሕረት አደራ ስጡ። የሣቀችውን ሣራን በእምነትዋ የቈጠረ አምላክ፥ የእናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።