የቀረውን ልጅ ማን ይጠይቀው?

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀንም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቱቶሪያል ቅዳሜን ወሰደ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ተሰጠ፤ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ጠፋ። የምሳ ሰዓትም ከዚህም ከዚያም ተሸራርፎ ልጁ የጎረሰውን ሳይውጥ ይደወላል። ወላጅ ይህን ሲያይ «ጎበዝ ትምህርት ቤት» ይላል። አልፈርድበትም፤ የሚከፍለው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ግን ከቤቱ ርቆ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደረ የሚፈተን ልጅ ወርክሺት ብቻ አይበቃውም። ሲጨንቀው «ጨነቀኝ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ በፈተናው ዋዜማ አይገኝም።

ይህን ምክር በተለይ ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች የማቀርበው መድኃኒቱ በገዛ ጓዳቸው ስላለ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዴስክ ላይ የሚቀመጠው ልጅ፣ በብዙዎቹ ዘንድ፣ የኦርቶዶክስ፣ የሙስሊም ወይም የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ ነው። ሁሉም አብረው የሚያስቀድሱት ቅዳሴ የለም። ከተዋወቁና ከተዛመዱ በሰልፍ ሜዳው፣ በምሳውና በእረፍቱ ነው፤ እሱን ከወሰድንባቸው ሌላ መገናኛ የላቸውም።

በጓዳቸው አለ ያልኩት መድኃኒት ይኸውና፤ በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድሩት የላሳል ወንድሞች ናቸው። የማኅበራቸው መሥራች፣ ፈረንሳዊው ዮሐንስ ደ ላሳል፣ ከ1651 እስከ 1719 እ.ኤ.አ. የኖረ ካህን ነው። እሱ ካረፈ በኋላ በ1720 እ.ኤ.አ. የታተመው የትምህርት ቤቶቹ የአሠራር መመሪያ ስለ ፊደልና ስለ ቁጥር ብቻ አያወራም። በየክፍሉ አንዳንድ ተማሪዎች የቀሩትን ልጆች የሚጠይቁ ሆነው እንዲመደቡ ያዛል። ሥራቸው የቀረው ልጅ ቤት ሄዶ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ታሞ ከሆነም ማጽናናት።

አሁን የእኛን እንይ። ሞኒተሩ የቀረውን ስም ይጽፋል፤ ሆምሩም መምህሩ ይፈርማል፤ ቀናት ሲደራረቡ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ልጁ ለምን ቀረ? እናቱ ታማ ታናናሾቹን ሲጠብቅ ውሎ ይሆናል። ክፍያ ያልከፈሉ ልጆች ስም በሰልፍ ላይ ሲጠራ መስማት አልፈልግ ብሎም ይሆናል። (ይህን የምታደርጉ ርእሳነ መምህራን ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉ። ዕዳው የአባትየው ነው፤ ልጁን በጓደኞቹ ፊት አታስከፍሉት።) በየወሩ ሁለት ቀን የምትቀረው ልጅም የወር አበባዋ መጥቶ ሞዴስ መግዣ አጥታ ሊሆን ይችላል፤ አንዲት ሲስተር ቢሮዋ ውስጥ አንድ ካርቶን ብታስቀምጥና ልጆቹ ሳያስፈቅዱ መውሰድ ቢችሉ ያ መቅረት ያበቃል። ይህ ሁሉ በስም መቆጣጠሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የሦስት መቶ ዓመቱን ልማድ መልሳችሁ አምጡት። ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ፣ ሰፈሩ የሚቀርብ ሁለት የክፍል ጓደኞቹ ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ በሰርቪስ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነም ይደውሉ። «ለምን ቀረህ?» ብለው አይጀምሩ። «የባዮሎጂውን ኖት አምጥተንልሃል» ይበሉ፤ ሌላው ከሻይ በኋላ ራሱ ይወጣል። በዚያ ቤት ያዩትን ግን ለሆምሩም መምህሩ ካልሆነ ለማንም አይንገሩ። ይህን ቀድሞ ማስተማር የመምህሩ ፋንታ ነው፤ ያለዚያ ጥየቃው ወሬ ማመላለሻ ሆኖ ያርፋል።

ያው መመሪያ በክፍል ውስጥ ቅርጫት እንዲዞርም ያዛል። ልጆቹ ከቁርሳቸው የተረፋቸውን ዳቦ ይጨምሩበትና ለደኾቹ ተማሪዎች ይከፋፈላል። እዚህ ቅርጫት አዙሩ አልልም፤ የእኛ ልጅ ይሉኝታው ከረሃቡ ይበልጣል። ከዚያ ይልቅ ረቡዕና ዓርብ የምሳ ዕቃ ሲከፈት ልብ ብላችሁ እዩ። በሌላው ቀን የሙስሊም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ እየተባለ ልጆቹ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ነውርም የለበትም፣ የየቤታቸው ሥርዓት ነው። በጾም ቀን ግን ብዙዎቹ ያመጡት ሽሮ፣ ምስር ወይም ጎመን ስለሆነ ክዳኑ ተከፍቶ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ሐያት ከማርታ ትጎርሳለች፣ ማርታም ከሐያት። በዚያ ቀን ምንም ያላመጣው ልጅ እንኳ ሳይታወቅበት በልቶ ይነሣል። ይህን ማንም አላቀደውም። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ የረቡዕንና የዓርብን ምሳ ሰዓት በቱቶሪያል አለመንካት ነው። የሚቻላችሁ መምህራን ደግሞ ምሳችሁን ይዛችሁ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። ክዳኑን ገርበብ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚበላውን ልጅ የምታዩት እዚያ ስትቀመጡ እንጂ ከቢሮ ሆናችሁ አይደለም።

መምህራን ከልጆች ጋር ስለመዋል አጥብቆ የተናገረ ሌላም ካህን አለ፤ በአገራችንም ብዙ ትምህርት ቤት ያላቸው የሳሌዥያን አባቶች መሥራች ዶን ቦስኮ። በግንቦት 1884 እ.ኤ.አ. ከሮም ሆኖ ቱሪን ላለው ቤቱ በላከው ደብዳቤ ሕልም ይተርካል። በሕልሙ የድሮውን ግቢ ያያል፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ መምህራኑም መሐላቸው አሉ። ቀጥሎ የዚያን ጊዜውን ግቢ ያያል፤ ልጆቹ ተሰላችተዋል፣ ጥጋጥጉን ይዘው ያንሾካሽካሉ፣ አለቆቻቸው እርስ በርሳቸው እያወሩ ይዘዋወራሉ። ካህኑ የነገሩን ሥር ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ መወደዱ አይበቃም፣ እንደሚወደድ በዓይኑ ማየት አለበት።

መምህራን ሆይ፣ የምታርሙት ደብተር ክምር እንደሆነ አይጠፋኝም፤ የደመወዙም ነገር ይታወቃል። ሁላችሁም ሁልጊዜ ውጡ አይባልም። በተራ ውጡ። ስትወጡ ግን ፊሽካና ጎማ ይዛችሁ አይሁን፤ ያ ጥበቃ ነው። ኳስ የሚችል ይጫወት፤ የማይችል ደረጃው ላይ ይቀመጥ። ባለፈው ወር ከሜዳው የማይጠፋው ሰቃይ ተማሪ ዛሬ ለምን ብቻውን እንደተቀመጠ፣ ያቺ ልጅ በየእረፍቱ የምትገልጠው መጽሐፍ ለምን ከአንድ ገጽ እንደማያልፍ ከዚያ ሆናችሁ ይታያችኋል።

ወላጆችም «ስንተኛ ወጣህ?» የምትለዋን ጥያቄ ለሰርተፍኬት ቀን አቆዩአት። በሌላው ቀን «ዛሬ ከማን ጋር በላህ?» በሉ። መልሱ ለሳምንታት «ከማንም» ከሆነ፣ «ወላጅ አምጣ» እስኪባል ሳትጠብቁ ትምህርት ቤቱ ሄዳችሁ ሆምሩም መምህሩን አነጋግሩ።

ለእናንተ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ በሰው ፎቶ መሳቅ ነውር መሆኑን ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልደግመውም። የማታውቁት የሚመስለኝ ይህን ነው፤ ጓደኛችሁ መኖር እንዳስጠላው፣ መሞት እንደሚፈልግ ከነገራችሁ፣ ምስጢር ነው ብሎ ቢያስምላችሁም እንኳ ብቻችሁን አትያዙት። በዚያው ቀን፣ ብራዘርም ይሁን ሲስተር፣ መምህርም ይሁን እናታችሁ፣ ለምታምኑት አዋቂ ንገሩ፤ ያ ሰው እስኪመጣም ከጓደኛችሁ አጠገብ አትለዩ። አሳልፈህ ሰጠኸኝ ብሎ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።