ለቃል ኪዳን ቀለበት ስንት ይበቃል?

በየቁምስናው ለምስጢረ ተክሊል የሚዘጋጁ ወጣቶችን የሚያስተምር ካቴኪስት ብዙ ጥያቄ ይቀርብለታል። ስለ ጸሎት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሁለቱ ወገን ቤተ ዘመድ ስምምነት ይጠየቃል። አንድ ጥያቄ ግን በትምህርቱ ሰዓት እምብዛም አይነሣም፤ ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ፣ በር አጠገብ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ይቀርባል፦ «ለቀለበት ስንት ባወጣ ይበቃል?»

ይህን ጥያቄ ለእኔ ያቀረበልኝ አንድ ወጣት መምህር ነበር። ከጓደኛው ጋር በአዲስ አበባ ፒያሳ ወደሚገኙት ወርቅ ቤቶች ሄዶ፣ የእጮኛው ጓደኞች የሚያደርጉትን ዓይነት ቀለበት ዋጋ ጠይቆ፣ የብዙ ወራት ደመወዙን እንደሚፈጅ ተረድቶ ተመልሷል። በገጠር የሚጦራቸው እናት አሉት። በፊቱ የታዩት መንገዶች ሦስት ነበሩ፦ የእቁቡን አባላት ለምኖ ዕጣውን አስቀድሞ መውሰድ፣ ከባልደረባው ተበድሮ ለእጮኛው አለመንገር፣ ወይም ሠርጉን በአንድ ዓመት ማዘግየት። «ከሦስቱ ኃጢአት የማይሆነው የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ዕለት የሚገባውን መልስ ስላልሰጠሁት፣ ጉዳዩን ከምእመናንና ከካቴኪስቶች ጋር ለመመርመር ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ጥያቄው ትንሽ አይደለም

ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የነፍስ ሳይሆን የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ወርቅ በብር ሲተመን ዋጋው በናረበት በአሁኑ ወቅት፣ ይልቁንም የብር የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ፣ አንድ ቀለበት የአንድን ወጣት ሠራተኛ ረጅም ድካም ሊውጥ ይችላል። ለደመወዝተኛ ገንዘብ ማለት የሠራበት ቀንና የደከመበት ሌሊት ነው። ስለዚህ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል የሚወስን ሰው፣ ዕድሜውን በምን ላይ እንዳዋለ ጭምር ይወስናል።

ከዚህም በላይ ቀለበት መግዛት ብዙውን ጊዜ ከወደፊቱ የጋራ ኑሮ ጋር የተያያዘ የመጀመሪያው ትልቅ የገንዘብ ውሳኔ ነው። በግልጽ ተመካክረው የጀመሩ ሰዎች በኋላም ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ወላጅ ሕክምና ሊመካከሩ ይቀላቸዋል። በመደባበቅ የጀመሩ ግን መደባበቁን ይለምዱታል።

ልማዱ ከየት መጣ?

በሀገራችን ብዙ አካባቢዎች አያቶቻችን የተጋቡት በሽማግሌ ልመናና በጥሎሽ እንጂ በእጮኝነት ቀለበት አልነበረም። ቀለበት ለመተጫጨት ምልክት መሆኑ ግን በሌላው ዓለም እጅግ የቆየ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዮስ፣ በዘመኑ ለታጨች ልጃገረድ ይላክ የነበረው ዕንቍ የሌለበት የብረት ቀለበት እንደ ነበረ ጽፎልናል። እንግዲህ የቃል ኪዳን ምልክት ሆኖ ሲጀምር ቀለበት የሀብት ማሳያ አልነበረም ማለት ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ አንድ ድንቅ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ866 ዓ.ም. አዲስ የተጠመቁት ቡልጋራውያን፣ ስለ ክርስቲያናዊ ኑሮ ብዙ ጥያቄዎችን ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ ቀዳማዊ ልከው ነበር። ኒቆላዎስ ስለ ጋብቻ ሲመልሱላቸው፣ እጮኛው በእጮኛይቱ ጣት ላይ የእምነት ምልክት የሆነውን ቀለበት እንደሚያደርግ፣ ስለ ጥሎሹም በምስክሮች ፊት እንደሚዋዋሉ፣ በኋላም በቤተ ክርስቲያን ተባርከው አክሊል እንደሚደፉ ዘረዘሩላቸው። ወዲያውም ይህ ሁሉ ባይሟላ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ምክንያቱም አንዳንዶችን ድህነት እጅግ እንደሚያስጨንቃቸውና እነዚህን ነገሮች ማዘጋጀት እንደማይችሉ፣ ስለዚህም የሁለቱ ፈቃድ ብቻውን እንደሚበቃ አስረዱ። ከ1,100 ዓመታት በፊት የቤተ ክርስቲያን እረኛ የድሀውን እጮኛ ችግር እንዲህ አስበውለት ነበር።

በዘመናችን የሚሰማው ሕግ ግን ሌላ ነው። «እውነተኛ ወንድ ለቀለበት የሁለት ወር ደመወዙን ያወጣል» የሚለው አነጋገር በፊልምና በባሕር ማዶ ዘመዶቻችን በኩል እኛም ዘንድ ደርሷል። ይህን መለኪያ ያወጣው ሊቅ ወይም አባት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1888 የተቋቋመው የአልማዝ ኩባንያ ደ ቢርስ፣ ገበያው በቀዘቀዘበት ዘመን፣ በ1938 አንድ የአሜሪካ ማስታወቂያ ድርጅት ቀጠረ፤ አልማዝ ዘለዓለማዊ ነው የሚለው ታዋቂ መፈክሩም በ1947 ወጣ። መጀመሪያ የአንድ ወር ደመወዝ ይበቃል ይባል የነበረው፣ በ1980ዎቹ በወጡ ማስታወቂያዎች የሁለት ወር ሆነ፤ ለጃፓን ሙሽሮች ደግሞ ሦስት ወር ተባለ። ፍቅር ከአንዱ ሀገር ወደ ሌላው ሲሻገር በአንድ ወር ደመወዝ አይጨምርም። የጨመረው የነጋዴው ፍላጎት ነው። ነጋዴ ዕቃውን ማስተዋወቁ አያስገርምም፤ የሚያሳዝነው እኛ ማስታወቂያውን እንደ ሥርዓት ተቀብለን ሕሊናችንን ስናስጨንቅበት ነው።

የቢታንያው ሽቶ

እስካሁን ያልነው ወደ አንድ ቀላል መደምደሚያ ሊወስደን ይችላል፤ ይኸውም ከሁሉ የረከሰውን ቀለበት መግዛት ከሁሉ የሚሻል ክርስቲያናዊ ምግባር ነው ወደሚል። ወንጌል ግን እንዲህ እንድንል አይፈቅድልንም።

ማርያም በቢታንያ በጌታ እግር ላይ ያፈሰሰችው የናርዶስ ሽቶ ሦስት መቶ ዲናር ያወጣ ነበር (ዮሐ. 12፡1-8)። አንድ ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ መሆኑን ከወይኑ አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ እናውቃለን (ማቴ. 20፡2)። እንግዲህ ያ ሽቶ የአንድ ዓመት ያህል የሥራ ዋጋ ነበር፤ የማስታወቂያው ሁለት ወር ከዚህ ፊት ምንም አይደለም። «ተሸጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» ብሎ የተቃወመው ይሁዳ ነበር፤ ጌታ ግን ሴቲቱን ተዋት አለው። የአብርሃም ሎሌም ለርብቃ ግማሽ ሰቅል የሚመዝን የወርቅ ቀለበትና አሥር ሰቅል የሚመዝን ጥንድ አምባር ሰጥቷታል (ዘፍ. 24፡22)፤ ይህ ከባለጠጋ ቤት የመጣ ስጦታ ነበርና ማንም አልነቀፈውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ሳይሰስት መስጠት እንደሚወድ ነው። ለእጮኛው አምሮ የሚታይ ነገር ለመስጠት የሚመኝ ወጣት ሊነቀፍ አይገባውም፤ ዓመታት ቆጥቦ የገዛውንም «አባካኝ» ልንለው አንችልም። በድሆች ስም የሚናገር ሁሉ ለድሆች የሚያስብ እንዳልሆነ ይሁዳ ምስክር ነው፤ ንፉግ ሰውም ንፍገቱን ትሕትና ብሎ ሊጠራው ይችላል።

ይሁን እንጂ በማርያም ስጦታ ውስጥ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ሽቶው የራስዋ ነበር። የሰጠችው በቤቱ በተሰበሰቡት ሁሉ ፊት፣ በግልጽ ነበር። ከሰዎች ምስጋና ይልቅ ነቀፋ እንደሚያገኛት ብታውቅም አላፈረችም። እንግዲህ የስጦታውን መልካምነት የወሰነው ሦስት መቶ የሚለው ቁጥር አልነበረም፤ በስጦታውና በሰጪዋ ልብ መካከል ውሸት አለመኖሩ ነው።

መለኪያው እውነት ነው

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይሉ ነበር። በተውሶ ጌጥ ያጌጠ ሰው የራሱ ያልሆነውን መልክ ያሳያልና ነው። በስውር ብድር የተገዛ ቀለበትም ከዚህ አይለይም። እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም ብድሩ የሚከፈለው ከሠርጉ በኋላ፣ ከጋራ ማዕድ ላይ ተቀንሶ ነው። ሙሽራይቱ ሳትጠየቅና ሳታውቅ የራስዋን ቀለበት ዋጋ ትከፍላለች ማለት ነው። ስጦታ መስሎ የቀረበላት ነገር በእውነቱ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ወርቅ ሠሪ እንኳ በቀለበቱ ውስጥ 18 ወይም 21 ብሎ ይቀርጻል። ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ፣ ስንቱ ሌላ ማዕድን እንደ ሆነ መናገሩ ነው። 18 ካራት የሆነውን 24 ነው ብሎ ቢሸጥ ሌባ ይባላል። ቀለበቱ ስለ ራሱ እውነቱን የሚናገር ከሆነ፣ ቀለበቱን የሚሰጠው ሰውስ ስለ ኑሮው እውነቱን ሊናገር እንዴት አይገባውም?

ስለዚህ ለጥያቄው በብር ቁጥር መልስ መስጠት ባይቻልም፣ አንድ መለኪያ ማቅረብ ይቻላል፦ ለእጮኛህ እንዴት እንዳገኘኸው ልትነግራት የማትደፍረው ገንዘብ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በዝቷል። ከየት እንደመጣና ምን እንደሚያስቀር ነግረሃት፣ እርስዋም በደስታ የተቀበለችው ገንዘብ ግን፣ የሌሎችን ድርሻ እስካልነካ ድረስ፣ ለማንም መልስ አያስፈልገውም።

በዚህ መለኪያ የወጣቱን መምህር ሦስት መንገዶች እንመልከት። እቁብ የራስ ቁጠባ ነው፤ አስቀድሞ የወሰደ ሰው ግን ቀሪውን ወራት የሚከፍል ባለ ዕዳ ነው። እጮኛው ይህን አውቃ ከተስማማች፣ ለእናቱ የሚልከውም ካልተቋረጠ፣ ነውር የለበትም። ከባልደረባ ተበድሮ መደበቅ ግን፣ ዕዳው ቢከፈልም እንኳ፣ ጋብቻን በማታለል መጀመር ነው። ሠርግን ማዘግየት ደግሞ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር ጌታ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፡28)፤ ለቤትና ለኑሮ መቆየት ጥበብ ነው። ስለ ጥቂት ግራም ወርቅ ሲሉ ምስጢርን ማቆየት ግን፣ ምልክቱን ከምልክቱ ባለቤት ማስበለጥ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ሳይጋቡ አብረው ሲኖሩ እናያለን፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም «የፍቅር ደስታ» በተባለው የ2016 ሐዋርያዊ ምክራቸው (ቁ. 212) የድግስ ወጪ አንዳንዶችን ከጋብቻ እንደሚያስቀራቸው በኀዘን አመልክተው፣ እጮኛሞች ከሌሎች ለመለየት ድፍረት እንዲኖራቸው መክረዋል።

የሌሎች ድርሻ ያልነውም ሊታሰብበት ይገባል። ለእናት የሚላከው ገንዘብ፣ ለታናሽ ወንድም የተገባው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የተበደሩት ያልተመለሰ ብር፣ እነዚህ ከቀለበቱ በፊት ቃል የተገባባቸው ናቸው። የቀድሞ ቃሉን አፍርሶ አዲስ የቃል ኪዳን ምልክት የሚገዛ ሰው፣ ምልክቱን ራሱን ያዋርደዋል።

ለካቴኪስቶች፣ ለወላጆችና ለጓደኞች

ሸክሙን በወጣቱ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የታጨችውን ልጅ እጅ ይዘን በመጀመሪያ የምንጠይቃት «ስንት ግራም ነው?» ከሆነ፣ ለብድሩ እኛም ተጠያቂዎች ነን። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን እየነገርን፣ የሠርጋቸው ቀን ሲደርስ ጎረቤትን ልንጠቅስባቸው አይገባም። ወላጆች ሽማግሌ በሚቀበሉበት ዕለት «ለእኛ ሲባል ዕዳ እንዳትገቡ» ብለው ቢናገሩ፣ ይህ ቃል ብቻውን ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። የታጨችውም ልጅ ዝም ብላ አትጠብቅ፤ ምን እንደሚያስደስታትና ምን እንደሚበቃት ቀድማ ብትናገር፣ እጮኛዋን ከሐሳብ ታሳርፈዋለች።

ካቴኪስቶች ደግሞ ይህ ጥያቄ በር አጠገብ እስኪቀርብላቸው አይጠብቁ። ከጋብቻ ትምህርት አንዱን ቀን ለገንዘብ መድበው፣ ሁለቱ እጮኛሞች ገቢያቸውን፣ ዕዳቸውንና የሚረዷቸውን ቤተሰቦች አንዳቸው ለሌላው በግልጽ እንዲነጋገሩ ያድርጉ። ቁጥሩን መስማት የካቴኪስቱ ፋንታ አይደለም፤ የእርሱ ፋንታ ሁለቱ እርስ በርስ መነጋገራቸውን ማረጋገጥ ነው።

ወጣቱ መምህር በመጨረሻ ለእጮኛው ሁሉን ነገራት። እንዳጫወተኝም ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከፍቷት ነበር። ኋላ ግን ያስከፋት የወርቁ ማነስ ሳይሆን ሊደብቃት ማሰቡ መሆኑን ገለጸችለት። በኋላም አብረው ሄደው አቅማቸው የፈቀደውን ቀጭን ቀለበት ገዙ። ይህን ስል የታሪኩ ፍጻሜ ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል ማለቴ አይደለም፤ እውነቱ ሲነገራት ትታ የምትሄድም ልትኖር ትችላለች። ቢሆንም ያ መለያየት ከተክሊል በፊት መሆኑ ለሁለቱም ምሕረት ነው።

ወደ አባቱ ቤት ለተመለሰው ለጠፋው ልጅ አባቱ በጣቱ ላይ ቀለበት አድርጎለት ነበር (ሉቃ. 15፡22)። ወንጌላዊው ክብደቱን አልነገረንም፤ ልጁም የጠየቀ አይመስልም። በጣቱ ላይ ያለው ነገር የማን እንደሆነ እንዲያውቅ አድርጎታልና፣ ይህ በቅቶታል። ለቃል ኪዳን የሚዘጋጁ ወጣቶቻችንም በእውነት የተሰጠና በእውነት የተቀበሉት ቀለበት እንዲያደርጉ እግዚአብሔር ይርዳቸው፤ ቤታቸውንም ይባርክላቸው።