የሥር ሕግና የሰው ሕግ

ስለ ኅብረት ሲነሣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል ቀድሞ ይጠቀሳል። አባባሉ ግን የሚናገረው ስለ ተመሳሳዮች ነው፤ ድር ከድር ጋር ስለ ማበሩ። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ፍጥረታት፣ ይልቁንም አንደኛው ሌላውን ሊውጥ የሚችል ሲሆን፣ በምን ሕግ አብረው ይኖራሉ? አብሮ መኖራቸውስ በጎነት ነው ወይስ ጥቅም?

ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው ጽሑፍ የተለያየ ዘር ያላቸው ፍጥረታት አብረው የሚኖሩበትን ሁኔታ «ሲምባዮሲስ» ሲል ሰየመው። የቀይ ባሕር ኮራል ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። ኮራል እንስሳ ነው። በዓይን የማትታየውን፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የምታዘጋጀውን ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ይውጣታል፤ ነገር ግን አይፈጫትም። በገዛ ሕዋሱ ውስጥ በስስ ሽፋን ከልሎ ያኖራታል። እርሷ ስኳር ትሰጠዋለች፤ እርሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ያቀርብላታል። የባሕሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ግን ውሉ ይፈርሳል፤ ኮራሉ አልጌዋን አጥቶ ይነጣል፤ ሁኔታው ከቀጠለም በረኃብ ይሞታል።

ይህን መሰል ኑሮ ለመመልከት ባሕር መውረድ የግድ አይደለም። በጂንካ ዙሪያ ባሉት የአሪ ደጋማ ማሳዎች አንድ የባቄላ ተክል ነቅሎ ሥሩን ማየት ይበቃል። በሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ፤ አንዱ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ሆኖ ይገኛል። በማጎና በኦሞ ቆላ ከሚበቅሉት የግራር ዝርያዎችም ብዙዎቹ ይኸው እባጭ አላቸው። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊመገበው አይችልም። ስለዚህ ሥሩ በኬሚካል ይጣራል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያም በራሱ ምልክት ይመልሳል። መልሱ ሲታወቅ የሥሩ ፀጉር ተጠቅልሎ እንግዳውን ያስገባዋል፤ ወደ ሕዋሱ ሲዘልቅም እንደ አልጌዋ ሽፋን ይለብሳል። ባክቴሪያው ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ይለውጣል፤ ተክሉም ምግብ ይከፍለዋል። ቀይ ቀለሙ የመጣው ከሰው ደም ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው። ሥራውም ኦክሲጅንን መጥኖ ማድረስ ነው፤ ኦክሲጅን ሲበዛ የባክቴሪያው ሥራ ይስተጓጎላልና።

ታዲያ ይህ ፍቅር ነውን? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ምርምር መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ የአኩሪ አተር እባጮችን ናይትሮጅን በሌለበት አየር ከበቧቸው። ባክቴሪያዎቹ ሳይወዱ ሥራ ፈቱ። እነዚህ እባጮች የሚያገኙት ኦክሲጅን ቀነሰ፤ የባክቴሪያዎቹም ቁጥር በሥራ ላይ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል አነሰ። የሥር ሕግ ይህ ነው፤ ያልሰጠ አይቀበልም። ልግመኛ ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ ስለዚህም ኅብረቱ ይጸናል። ነገር ግን በዚያ ሙከራ የተቀጡት ልግመኞች አልነበሩም። የሚሠሩበትን የተነጠቁ ነበሩ። ሥሩ ያልፈቀደውንና ያልቻለውን አይለይም፤ ለመለየትም ኅሊና የለውም።

የሰው ሕግ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ከአፉ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ላይ ሲፈስ 364 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ከብትም አለቀ። ከጎርፉ የተረፈው ሰው በዚያች ቀን ለማን ምን ይሰጥ ነበር? በባቄላ ሥር ሚዛን ቢመዘን እርሱም ሥራ የፈታ እባጭ ነበር። የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ግን ሌላ ሚዛን ያውቃሉ። በሐመርና በጎረቤቶቹ ዘንድ ከብሔረሰብ ወሰን ተሻግሮ የሚታሰር የወዳጅነት ውል አለ። በደጉ ቀን ወዳጆቹ ከብት፣ ማርና እህል ይለዋወጣሉ፤ በክፉው ቀን ያጣው ወዳለው ይሄዳል። እነዚሁ ሕዝቦች በግጦሽና በውኃ ምክንያት ደም ተቃብተዋል። ውሉ የሚከበረውም ጠብ ስለሌለ ሳይሆን፣ ጠብ ባለበት ምድር ሰው ብቻውን መቆም እንደማይችል ስለሚታወቅ ነው።

ከሥሩ የሚወሰድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም አስጠግቶ አለመፍጨት ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ፣ ዘፈንና ሥርዓት አሟሙቶ የራሱ ሥጋ ካደረገው፣ ያ ኅብረት ሳይሆን ምሳ ነው። ለሥሩ ሊተው የሚገባውም አለ፤ የቅጣቱ ዕውርነት ነው። ካድሬው ድርሻውን ያላዋጣውን ቀበሌ ከመውቀሱ በፊት፣ መምህሩ ወደኋላ የቀረውን ተማሪ ሰነፍ ከማለቱ በፊት፣ ከያኒውም ችግረኛውን በመድረክ ላይ መሳቂያ ከማድረጉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው አልፈቀደም ወይስ አልቻለም? ሥሩ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ መኖር ይችላል። የሰው ኅብረተሰብ ግን ሳይጠይቅ ከኖረ፣ ከሥሩ የሚለየው ነገር አይኖረውም።